ከዘራቸው ነው

ከምናለሽ ተራ የመዶሻ ድምፅ ርቆ ወደ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን የሚያቀና መንገደኛ፣ ከዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ የሚገቡ ጠባብ ቅያሶችን ያገኛል። እኔ ያደግሁት ከእነዚያ ቅያሶች በአንዱ ነው። የጭቃ ግድግዳቸው ተደጋግፎ፣ የቆርቆሮ ጣሪያቸው ተነባብሮ የቆሙት ቤቶች፣ አንዱ ሲስል ሌላው እንዲሰማ ታስበው የተሠሩ ይመስሉ ነበር።

ግድግዳ በሚያዋስነን ቤት ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ። እናታቸው በርበሬ ተራ ይቸረችሩ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረ ልጆቹ ሁሉ ሌሊት በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ይተኛሉ። ታላቂቱ ከቦኖ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እንስራዋን አውርዳ ታርፍ እንደነበር ትዝ ይለኛል። በኋላ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ከዚያ ተኝታ መተንፈስ አቃታት፤ ሌሊቱን ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ማንጋት ሆነ ሥራዋ። ሃያ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። በእኛ አቆጣጠር የ1970ዎቹ ማብቂያ ነበር።

ለቅሶው ገና ሳይበርድ ሰፈሩ ምክንያቱን አገኘላት። «ከዘራቸው ነው» ተባለ። አጎቷም «ልቤን ልቤን» እያለ እንደሞተ ተወሳ። ጥቂት ዓመታት አልፈው ለታናሺቱ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች፣ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። በአገራችን ልማድ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ለመጠበቅ የቆመው ይህ ጥንታዊ ቆጠራ ሕመምንም አብሮ ይቆጥራል። ልጅቱም ማንም ሳይከስሳት ተፈረደባት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ፍርድ ትክክል ነበር ወይ ብዬ ለብዙ ዘመን ራሴን ስጠይቅ ስለኖርኩ ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነም ቆይቼ አወቅሁ። ታላላቅ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበታል። ከሰፈራችን በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነበሩ የአገራችን ሊቃውንትም የድርሻቸውን ሠርተውበታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

*

«ልብ ይበልልኝ» አልኩ። አማርኛችን ልብን ደም የሚረጭ ጡንቻ ብቻ አድርጎ አያውቅም። አስተዋዩን ልብ ያለው፣ ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ የተጨነቀውን ልቡ የተንጠለጠለ እንለዋለን። ድርሰትን እንኳ ልብ ወለድ ብለን ለልብ ልጅነት ሰጥተነዋል። ዘር የሚለው ቃልም እንዲሁ ሰፊ ነው። ገበሬው የሚበትነው ዘር ነው፤ ከአብራክ የሚወጣው ዘር ነው፤ ወገንና ነገድም ዘር ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰው ሕመም ላይ ሲገናኙ ከባድ መሆናቸው አይቀርም።

የሳይንስን ቃላት ወደ ቋንቋችን የመለሱ ሰዎች ክሮሞዞምን «ሀብለ በራሂ» ብለውታል። የፈረንጁ ስም ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ ትርጉሙ «ባለቀለም አካል» ነው፤ ሕዋሱ ቀለም ሲነከር በአጉሊ መነጽር ጎልቶ ስለሚታይ የወጣለት ስም ነው። የእኛዎቹ ግን ሀብል፣ ማለትም ገመድ፣ ብለው ሰየሙት። በራሂዎቹ እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚገኙበት ገመድ መሆኑ ነው። ስያሜው ያምራል፤ ነገር ግን ገመድ ሲባል የሚያስር ነገርም በአሳብ ይመጣል። የሰፈራችን ሰዎች ቃሉን ባያውቁትም ያችን ልጅ ያሰሯት በዚሁ ገመድ ነበር።

*

ታላቂቱን የገደላት ሕመም በሐኪሞች አነጋገር ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ልብ አይደለም፤ ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ የልጅን ጉሮሮ ያሳምማል፤ እኛ «ቶንሲል ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዳማከሴ ጨምቀን እናጠጣለን፤ ድሮማ እንጥል ለማስቆረጥ ወደ አዋቂ ቤት የሚሄድም ነበር። ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተዋል። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሳይታከሙ ከቀሩት ጥቂቶች፣ ከመቶ ምናልባት ሦስት በማይበልጡት ላይ ግን፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይነሣል። ተሕዋሱን ለመዋጋት የወጣው የሰውነት ዘብ ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት የራሱን አካል ይወጋል። ሐኪሞች ይህ ሕመም መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል ይላሉ። ጉልበት ቢያብጥም ይድናል፤ የልብ በሮች ግን ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ትኩሳቱ በተመለሰ ቁጥር ቁስሉ ይጨምራል። ሴት ልጅ አድጋ እንስራ መሸከም ሲያቅታት፣ የጉሮሮውን ነገር የሚያስታውስ ሰው በቤቱ አይኖርም።

«ከዘራቸው ነው» ያለው የእኛ ሰፈር ብቻ አልነበረም። በ1889 ቺድል የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ሕመሙ በቤተሰቡ ውስጥ የታየበት ሰው በሩማቲክ ትኩሳት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አስተምሮ ነበር። እርሱ የኖረበት ለንደን የዚያን ጊዜ የድሆች መንደሮቿ እንደ እኛ ቅያስ የተጣበቡ ነበሩ። ስለዚህ አምስት እጥፉ ከደም ይምጣ ወይስ ከመኝታ፣ ቺድል መለየት አይችልም ነበር። ተሕዋሱ የትኩሳቱ መነሻ መሆኑ የታወቀው በ1930ዎቹ ነው። በ1950 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ዋዮሚንግ ውስጥ በሚገኝ የጦር ሰፈር፣ ጉሮሯቸውን የታመሙ ወታደሮችን በፔኒሲሊን ቢያክሙ ትኩሳቱ እንደማይከተል አሳዩ። እነዚያ ወታደሮች ጤናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ጎበዛዝት ነበሩ። ለሕመሙ ያጋለጣቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ ማደር ነበር።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው ነገር ሌላ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህ ሕመም መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ነው። ቤቱ ሰፋ፤ ምግቡ ተሻሻለ፤ ልጆች ለየብቻ መተኛት ጀመሩ፤ ሕመሙም ሸሸ። መድኃኒቱ ደርሶ ሽሽቱን አፋጠነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰዎቹ ሀብለ በራሂ አልተለወጠም። የተለወጠው ቤታቸው ነው።

*

ወደ አገራችን ልመለስ። የሕክምና ፋኩልቲው የተቋቋመው በ1964 ነው፤ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔትም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መታተም ጀምሮ ነበር። ቆይቶ ጥቁር አንበሳ የፋኩልቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆነ። በዚያ ያሉ ሐኪሞች ሆስፒታል ድረስ የሚመጣውን ሕመምተኛ ብቻ ቢቆጥሩ እውነቱን እንደማያገኙ ያውቁ ነበር። ከገጠር ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ የሚደርሰው ወይ ዘመድ ያለው ነው፣ ወይ መጨረሻው የቀረበ። ስለዚህ ሕመሙን ሳይታወቅ ተደብቆ ባለበት ለመፈለግ ወደ ትምህርት ቤት ወጡ።

የልብ ሐኪሙ ከበደ ኦሊና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በ1992 ታተመ። ከጥናቱ አዘጋጆች አንዱ ስመ ጥሩው የነርቭ ሐኪም ረዳ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ የአባታቸው ስም ከሰፈራችን ስም ጋር መግጠሙ ሳነበው ፈገግ አሰኝቶኛል። በ1999 ደግሞ ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። 9,388 የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ደረታቸው ተደመጠ፤ ተመረመሩም። ከየ1,000 ልጅ 6.4 ያህሉ የቆሰለ ልብ ተሸክመው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ተገኙ። አንባቢ ሆይ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልህ በሰልፍ የቆመ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተማሪ በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሚዘምሩት መካከል ስድስቱ የልባቸው በር ቆስሏል፤ እነርሱም፣ መምህራቸውም፣ እናታቸውም አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መሣሪያ ከጆሮ ይልቅ በዓይን የሚሠራ ነው። በድምፅ ሞገድ የልብን በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ በመስኮት ላይ ያሳያል። በ2016 ደጁማ ያደታና ባልደረቦቻቸው በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎችን በዚህ መሣሪያ መርምረው ያሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ልጆች 19 ያህል ሕመሙ እንዳለባቸው ይናገራል። ልጆቹም ቦታዎቹም የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች አጋጥሞ «ሕመሙ ሦስት እጥፍ ሆነ» ማለት አይቻልም። ጆሮ ያልሰማውን ዓይን ያያል ማለት ግን ይቻላል።

በእነዚህ ሁለት ጥናቶች መካከል፣ በ2004፣ እኚሁ ከበደ ኦሊ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርእሱ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ሕመም በኢትዮጵያ ከሌላው አገር የከፋ ይሆን? ብሎ የሚጠይቅ። በሌላው ዓለም በጎልማሳነት የሚታይ የበር መጥበብ በእኛ አገር በልጆች ላይ ይታያል፤ ገና ጡት ያላጎጠጎጡ ልጃገረዶች ልባቸው ደክሞ ይመጣሉ። ለምን? ተሕዋሱ ክፉ ሆኖ ነው? ትኩሳቱ ደጋግሞ ስለሚመለስ ነው? ወይስ ሰዎቹ ከሌላው የተለዩ ሆነው? ልብ ብሎ ላነበበው፣ የሰፈራችን ወሬ በምሁራን ልብስ ተመልሶ መጥቷል። ዘሩ ነው፣ ወይስ ቤቱ?

*

ጥያቄውን ለመመለስ ሀብሉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሀብሉ ደግሞ ለመነበብ እንኳን ቀርቶ ለመቆጠርም ብዙ አስቸግሯል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሊቃውንት ሁሉ የሰው ሀብለ በራሂ 48 ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በአጉሊ መነጽር ሥር 46 የታየው ሰው ሳይቀር ሁለት አምልጠውኛል ብሎ ራሱን ይጠራጠር ነበር። በ1955 መጨረሻ በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ ኢንዶኔዥያ የተወለደው ትጂዮና ባልደረባው ሌቫን ሕዋሱን በአዲስ ዘዴ አዘርግተው ቆጠሩና 46 አገኙ፤ በ1956 ለዓለም አሳወቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለም የራሱን ገመድ አሳስቶ ቆጥሮ ነበር። ሰው ማየት የሚጠብቀውን እንደሚያይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሦስት ዓመት አልፎ በ1959 ፓሪስ ውስጥ ዤሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲዬና ሬይሞን ቱርፓን ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች 21ኛው ሀብል ሦስት እንደሆነ አሳተሙ። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከነልብ ጉድለታቸው ይወለዳሉ፤ ብዙ ጊዜም በልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ሳይዘጋ ይቀራል። እንግዲህ የልብ ሕመምና ሀብለ በራሂ ፊት ለፊት የተገናኙበት ቦታ ይህ ነው። ሆኖም ይህ እንኳ ሰፈራችን ባለው ትርጉም «ዘር» አይደለም። በአብዛኛው ሦስተኛው ሀብል ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰ አይደለም፤ ሕዋስ ሲከፈል በዚያች አንዲት ቅጽበት በሚሆን መሳሳት የሚመጣ ነው። እናቲቱ ምንም አላጠፋችም፤ ሰባት ቤቷም ቢቆጠር አይገኝበትም። በአገራችን ስንት እናት ግን «ከማን ዘር ይህን አመጣሽው?» ተብላ ተጠይቃለች!

ወደ ሩማቲክ የልብ ሕመም ስንመጣ ነገሩ ረቀቅ ይላል። በዚህ ሕመም የጎደለ ወይም የተረፈ ሀብል የለም፤ ልዩነቱ በገመዱ ላይ ካሉት ጨሌዎች በጥቃቅኖቹ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት፣ በልዩ ልዩ ዘመን ስለ መንትዮች የተጻፉ የቆዩ መዝገቦችን ሰብስቦ 435 ጥንዶችን አመዛዘነ። ከአንድ እንቁላል በተገኙ መንትዮች አንዱ በሩማቲክ ትኩሳት ሲያዝ ሌላውም የተያዘው 44 ከመቶ ያህል ነበር፤ ከሁለት እንቁላል በተገኙት ግን 12 ከመቶ። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች በአንድ ቤት ያድጋሉ። ስለዚህ ልዩነቱ የሀብሉ ነው፤ ሰፈራችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን 44 መቶ አይደለም። ሀብላቸው አንድ ከሆነው መንትዮች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ድኗል። ገመዱ አንድ ሆኖ ዕጣው ሁለት ሆኗል።

ጨሌዎቹን አንድ በአንድ የሚለቅሙ ተመራማሪዎችም ተነሡ። በ2017 ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝቦች የተወሰደ ደም በ14ኛው ሀብል ላይ አንድ ምልክት አሳየ። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ጥናት ወደ 6ኛው ሀብል፣ የሰውነት ዘብ ወዳጅና ጠላት የሚለይበት መታወቂያ ወዳለበት ቦታ አመለከተ። በ2021 ደግሞ በ8 የአፍሪካ አገሮች ከ2,500 በላይ ሕመምተኞችን ከጤነኞች ጋር ያስተያየ ጥናት፣ በጥቁር አፍሪካውያን ላይ በ11ኛው ሀብል አንድ ቦታ አገኘ። ኬንያ አለችበት፤ ሱዳን አለችበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ቀደም ሲል በ14 አገሮች የ3,343 ሕመምተኞችን ኑሮና ሕክምና በመዘገበው ሌላ ጥናት ግን የእኛም ሰዎች ነበሩበት። የእኛ ታማሚዎች ተቆጠሩ፤ ሀብላቸው ግን ከዚያ መዝገብ አልገባም።

*

የኢትዮጵያውያን ሀብል ጨርሶ አልተነበበም ማለት ግን አይደለም። ስለ ልባችንም የተጻፈ አለ። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የሰሜን ደገኞች በደማቸው ውስጥ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው መሆኑን አሳይታለች። ከዚያም እርሷና ባልደረቦቿ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ጋር ሆነው በ2011 የደገኞቹን ልብ በድምፅ ሞገድ ተመለከቱ። ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ሥር ግፊቱ ከቆለኞች ከፍ ያለ ነበር፤ ደም ሥሩ ግን አልጠበበም። ግፊቱ የተነሣው ብዙ ደም ስለሚያልፍበት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሀብላቸው ሲነበብ ለቲቤት ደገኞች መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በራሂ በእነርሱ ላይ መልስ አልሆነም። ሰው ደጋን በአንድ መንገድ ብቻ አልለመደም።

ጥያቄዬን የፈታልኝ ግን የልብ ሳይሆን የእግር ጥናት ነው። በወላይታና በሌሎች ደጋማ አውራጃዎች በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በ1970ዎቹ ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ምክንያቱ ቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር መሆኑን በአገራችን ሠርቶ አሳየ። ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም የታማሚ ልጆች «ዘራቸው ነው» ተብለው ለጋብቻ ይገፉ ነበር፤ ልክ እንደ ጎረቤቴ ልጅ። በ2012 ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የ194 ሕመምተኞችንና የ203 ጤነኞችን ሀብል አስተያይተው በ6ኛው ላይ እውነተኛ ምልክት አገኙ። እንግዲህ ዘር ነው ያሉት ሰዎች ተረቱ ወይስ ረቱ? ሁለቱም አይደለም። ምልክቱ ያለበት ሰው ጫማ ካደረገ አይታመምም! ሀብሉ አፈሩን ካላገኘ ምንም አያደርግም። በስንት ትውልድ ደም ውስጥ ተጽፎ የመጣን ነገር አንድ ጥንድ ጫማ ያስቆመዋል።

ያን ባነበብኩ ጊዜ የጎረቤቴ ቤት፣ መደቡና ጋቢው በአንድ ላይ መጡብኝ። ለልብ ጫማው ምንድን ነው?

*

ታሪኩን ሳልጨርስላችሁ ቆየሁ። ታናሺቱም ልጅ ያው ትኩሳት ነክቷት ነበር። ታላቂቱ በታመመች ጊዜ አንድ ሐኪም ደረቷን አድምጦ በሯ በጥቂቱ መጎዳቱን ነገራቸውና፣ በየ28 ቀኑ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ አዘዘላት። እናቲቱ በርበሬያቸውን ጥለው በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዷት ነበር። መርፌው ያምማል፤ ልጅቱ ሁለት ቀን ታነክሳለች። ሰፈሩም «ምን ታደርጊው፣ ከዘራችሁ የመጣ በመርፌ አይወጣ» ይላቸዋል። እርሳቸው ግን አላቆሙም። ከዓመታት በኋላ ያ የሽማግሌ ነገር ፈርሶ ስትቀር፣ ሌላ ሰው፣ የሰባት ቤት ቆጠራ ያልገደደው፣ አገባት። ዛሬ ልጆቿን ድራለች፤ ተክለ ሃይማኖትንም ዳገት ሳትፈራ ትሳለማለች።

ሁለቱ እኅትማማቾች ከአንድ አባትና ከአንድ እናት ተወልደዋል። ሀብላቸው ይቀራረባል፤ መደባቸውም ጋቢያቸውም አንድ ነበር። የለያቸው መርፌው ነው። ለታላቂቱ ዘግይቶ ነበር፤ ለታናሺቱ በሰዓቱ ደረሰ።

ለዘገየባቸውም መንገድ ተጠርጓል። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን አቋቁመው፣ ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልኩ ኖሩ። በ2009 የልብ ማእከሉ በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የውጭ አገር ቡድኖች እየተመላለሱ፣ በኋላም የአገር ልጆች ራሳቸው የልብን በር ይጠግኑ ጀመር። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በሩማቲክ ሕመም ምክንያት ደረት ተከፍቶ የሚጠገን በር፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በመርፌ ሊጠበቅ ይችል የነበረ በር ነው።

የሀብሉ ንባብ ይቀጥል እላለሁ፤ የእኛም ሰዎች ሀብል በመዝገቡ ይግባ። አንድ ቀን የትኛው ልጅ ይበልጥ እንደሚያሰጋው ለይቶ ይነግረን፣ ክትባት ለማግኘትም መንገድ ይጠርግ ይሆናል። ከበደ ኦሊ በ2004 የጠየቁት ጥያቄም ሙሉ መልስ ይገባዋል። ነገር ግን ንባቡ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ልጅ ሊኖር አይገባም። በተክለ ሃይማኖት ቅያስ ውስጥ ዛሬ ማታ ጉሮሮው የሚከረክረው ልጅ ካለ፣ እናቱ ማወቅ ያለባት የዘሩን ሐረግ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ነው። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ልብን አይነካም፤ የትኛው እንደሚነካ ግን እቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም።

አባቶቻችን ዘር ሲሉ የሚዘራውንም ማለታቸው እንደሆነ ከላይ ጠቅሻለሁ። ገበሬ ዘሩ ክፉ ነው ብሎ ማሳውን ትቶ አይሄድም። ያርማል፣ ይኮተኩታል፣ ውኃ ይመልሳል። እኚያ በርበሬ ቸርቻሪ እናት ማንም ሳያስተምራቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው።